የሰባቱ ድምፅ

ልጄ ኤልያሺብ ማታ፣ ከደብተሩ
ደሴት ይዞ መጣ፤ ነጥብ ናት ከባሕሩ።
"እማ፣ ተመልከቺ፣ የቤት ሥራ አለብኝ፣
የዚህችን አገር ሕግ ጻፍ አለች፣ ጨነቀኝ።"

አፉላ ነን እኛ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፤
መስኮቱ የሚያየው ጊቭዓት ሐሞሬን ነው፣ ከእሱ በላይ ሰማይ።

ደሴቷ ጥቁር ናት፤ እሳት የወለዳት፣
ባሕር ያበረዳት፣ ነፋስ ያሳደጋት።
መርከብ የሚደርሳት በዓመት ዘጠኝ ጊዜ፣
እሱም ማዕበል ሲተው፣ ሲለቀው አባዜ።

መጀመሪያ የሰፈረባት መርከብ የተሰበረበት አንድ አናጢ ነበር፤
ሳንቃውን ከዳር ለቅሞ ቤት ሠራ፣ ከቤቱ የተረፈው ሆነ በር፣
ከበሩ የተረፈው ወንበር።
ያ ወንበር ነው ዛሬ የሸንጎው መንበር።

አገረ ገዥ አላት ከማዶ የሚላክ፣
ሦስት ዓመት ተቀምጦ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ የሚባርክ።
ሸንጎዋ ስምንት ሰው። የሚመክሩበትስ?
ድንች መቼ ይተከል፣ ስንት በግ ይርባ፣
ጀልባ መቼ ይውጣ፣ ጀልባ መቼ ይግባ።
ፖለቲካው ይኸው ነው።

ሳቄ መጣ። "ይኸማ እኛው ነን፣
የዚህ ሕንፃ ቫዓድ ባይት፤
አሥራ ሁለት ቤተሰብ፣ አንድ የሞተ ሊፍት።"
ፋይና ሊቀመንበር፣ አቡትቡል ገንዘብ ያዥ፣
እኔ ጥሩወርቅ ጸሐፊ፣ የማታ ፊደል ገዥ።
ባለፈው ወር ሁለት ሰዓት ሙሉ የተጨቃጨቅነው
የደረጃው መብራት በስንት ደቂቃ ይጥፋ ብለን ነው።

"ቀጥል" አልኩት። ቀጠለ።

አንድ ሌሊት ተራራው ሳል ጀመረው።
ሸንጎው ተሰበሰበ። በጎቹ ተለቀቁ፣ በሮች አልተቆለፉም፤
በጀልባ፣ በመርከብ፣ ሁሉም ወጡ፣ አንድም ሰው አልቀረም።
ማዶ ከተማ ሰጧቸው፤ ቧንቧ፣ ፋብሪካ፣ ሐኪም።
ሁለት ዓመት ኖሩ።
አመዱ ሲበርድ ሣጥን ቀረበላቸው፦
መመለስ፣ ወይስ መቅረት?
መቶ ሠላሳ አንዱ "እንመለስ" አሉ፤
"እንቅር" ያሉት ሰባት።

ልጄ እርሳሱን አኖረ። "ተመለሱ። አለቀ።"

"ሰባቱስ?"

"እማ፣ እሱ አልተጻፈም።"

አልተጻፈም።
ምናልባት አንዷ ሴት ናት፣ የመጀመሪያ ደሞዟን በገዛ ስሟ የፈረመች፤
ምናልባት ሽማግሌ፣ ጉልበቱ ያን ዳገት ዳግመኛ የማይወጣ፤
ምናልባት ጎረምሳ፣ ከትራም ወርዳ የምትስቅ አንዲት ልጅ ያየ።
ተመለሱ? ወይስ ከወደቡ ዳር ቆመው እጅ ነሡ?
ከተመለሱስ፣ ከመቶ ሠላሳ አንዱ ጋር
አንድ ማዕድ ሲቀርቡ፣ ጉርሻው በየት በኩል ወረደ?

ልጄ አዛጋ። "መምህሯ እኮ የጠየቀችው ሕጉን ነው" አለኝ።
ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ "ታውቂያለሽ? ይኼ ተራራም
ድሮ እሳት ነበረበት" ብሎ ተኛ።

ሰኞ ማታ በምድር ቤቱ መጠለያ፣ በታጣፊ ወንበሮች ላይ፣
"ሊፍቱ ይጠገን ወይ?" ተባለ፤
ከየቤቱ አራት መቶ ሸቀል።
ዘጠኝ እጅ ተነሣ። ሦስት እጅ ጭን ላይ ቀረ።
ፋይና፣ "ዘጠኝ ለሦስት ብለሽ ጻፊ፣ ቁጥሩ ይበቃል" አለችኝ።

አይበቃም አልኩ።

በተማርኩት ፊደል፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አንድ በአንድ ጻፍኩ፦
ሳሮን ቤን ሐሞ፤ ምድር ቤት ናት የምትኖር፣ ሊፍት ረግጣ አታውቅም።
ጊቪ ዳቪታሽቪሊ፤ ጡረታው እስከ ሃያ አይደርስም።
ሦስተኛዋ ጥሩወርቅ አለነ፤
አራት መቶ ሸቀል የኤልያሺብ ጫማ ነው።

አቡትቡል ሳቀ። ፋይና ዝም ብላ ፈረመች።

ወረቀቱን ደረጃው ሥር ለጠፍኩት።
ቆሜ ሳነበው፣ ሦስተኛው ስም ላይ ስደርስ፣
ድርግም አለ መብራቱ፤ ደቂቃው አልቆ።
ግድግዳውን ዳብሼ
ቁልፉን ደግሜ ተጫንኩት።